የሐሙስ ተራ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ማረፊያው ጭቃ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከላይ ዞሮን፣ ሰላም ብሎን ሲመለስ ከርሟል። ዝም ያልኩት ጨክኜ እንዳይመስልሽ። እውነቱን ለመናገር ግን ቢያርፍም ብዙ የምጽፈው አልነበረኝም። ይቅር በይኝ።

አልከሳሁም። ፎቶው ላይ ሱሪው የሰፋኝ እናንተ ሰፊዎቹ ለሁላችንም የሻምበሉን ወገብ ለክታችሁ ስለምትሰፉ ነው። ጥርሴም ተሽሎታል፤ ነቀሉት።

ለልጃችን ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፣ የእኛም ባንዲራ አለ። ዋናው ካምፕ በር ላይ ባንዲራዎቹ የተተከሉት እያንዳንዱ አገር ባዋጣው ሰው ብዛት ነው። የእኛ መጨረሻ ላይ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው፣ ጭሱ ትንሽ አጥቁሮታል። ሌሎቹ ጦራቸውን በሺህ ነው የላኩት። እኛ መቶ አሥራ ሁለት ነበርን። ትንሽ አገር ካላት ላይ ነው የምትሰጠው፤ እኛ ያለን ስድስት የውሃ ቦቴ፣ ሾፌሮቻቸው፣ መካኒኮችና ጥቂት አጃቢ ነው። ስብሰባ ላይ "ውሃዎቹ" ይሉናል። ግድ የለም። ውሃ አንድ ቀን ሲዘገይባቸው ግን የአገራችንን ስም አሳምረው ይጠሩታል።

ስለ እሺ ባይ ለጠየቅሽኝ፣ ለእናቱ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ያለው እውነት ነው። ግዳጅ ላይ ሳለ ድልድይ ተደርምሶ ከነቦቴው ወንዝ ገባ። የተኮሰበት ሰው የለም። ከዚያ የምጨምረው የለኝም። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ማንም ምን ቢያዘው እሺ ስለሚል ነበር ስሙን ያወጣንለት፤ አሁን ያን ስም የሚጠራ ሰው ጠፍቷል።

ዓመታችን ጥር መጨረሻ ላይ ይሞላል። ማን እንደሚመለስና ማን እንደሚቆይ ገና አልነገሩንም። ሲነግሩኝ እጽፍልሻለሁ።

እናቱን ሰላም በይልኝ ልል ነበር። ተይው፣ አትበያቸው።

ባለቤትሽ


ጥቅምት 28

ለባለቤቴ፣

"ለጤናህ እንደምን ከረምክ" ብዬ ከጻፍኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ዛሬ ልጃችን ተኝታ የትኩሳት መድኃኒቷን ሰዓት ስጠብቅ ጨረስኩት። አትደንግጥ፣ ጉንፋን ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያስነጥሱት። ጣሪያውን ወንድሜ አበጅቶታል። "ባልሽ የሌላውን አገር ሰላም ሲጠብቅ የእኔ ወገብ ሰላም አጣ" ብሎሃል።

እትዬ ቁልፍ እሺ ባይን፣ ልጃቸውን ካጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስፌት ክፍል ተመልሰዋል። መኪናቸው አሁንም ከእኔ ቀጥሎ ነው። እኔ የስም ጥብጣብና እጅጌ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ቁልፍ ይተክላሉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልብስ የመጨረሻውን ፍተሻ ያደርጋሉ። ያ ኮሎኔል ኪሱ ውስጥ በቀረ መርፌ ጣቱን የተወጋ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ኪስ ሳይገለብጡ አሳልፈው አያውቁም። አሁንም እንደዚያው ናቸው። ሰውነታቸው ግን ግማሽ ሆኗል።

በየቀኑ ይጠይቁኛል። "ያንቺ ሰው ጻፈ?" ይላሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። "አልጻፈም" እላለሁ። ደብዳቤህ ደረቴ ውስጥ ተሸጉጦ እያለ ለአንዲት እናት እዋሻለሁ። "እሱ አብሮት ነበር፣ እሱ ይነግረኛል" ይላሉ። አየር ማረፊያው አጥር ሥር እጃቸውን ይዘህ "እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ይዤው እመጣለሁ" ያልካቸውን ይደግሙልኛል። ሊወቅሱህ አይደለም። ያጽናናቸዋል መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሐሙስ ነው። አንተ በግንቦት ደብዳቤህ "የድልድዩ መንገድ ሐሙስ ሐሙስ የእኔ ተራ ነው" ብለህ ነበር። አውጥቼ አየሁት። ምናልባት ተራው ተቀይሮ ይሆናል። ልመረምርህ አይደለም፣ እሳቸው ከመጠየቃቸው በፊት ልወቅ ብዬ ነው።

ሚስትህ


ኅዳር 15

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ካልሲዎቹ ደርሰውኛል፤ አንዱን መካኒኩ ወስዶብኛል፣ ማለትም ከሁለት ጥንድ አንድ እግር። ምን እንደሚያደርግበት አልጠየቅኩትም። የልጃችን ትኩሳት በመውረዱ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ ላልሽው፣ ይወስደኛል። አብዝቶ ይወስደኛል። ችግሩ እሱ ነው።

ሥራው ያው ነው። ጠዋት ከጉድጓዱ እንሞላለን፣ ተፈናቃዮቹ ወዳሉበት ሠፈር እንነዳለን፣ እናድላለን፣ እንመለሳለን። ሴቶቹ እኛ ከመድረሳችን በፊት ጀሪካኖቻቸውን ይደረድራሉ፤ ጀሪካን የሌላት ድንጋይ ታስቀምጥና ድንጋዩ ወረፋ ይይዝላታል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ነው። ቧንቧውን ስዘጋ ሁልጊዜ ሃምሳ ጀሪካን ባዶውን ይቀራል፤ ወደ መኪናው ስመለስ እነሱን ላለማየት መሬት መሬት አያለሁ። ሰላም አስከባሪ ነው የሚሉን። የምናስከብረው ሰላም ምን እንደሚመስል እስካሁን አላየሁትም፣ ጀሪካኑን ግን በየቀለሙ አውቀዋለሁ።

አዲስ ኮማንደር መጥቶ ነበር፣ የእኛን ጓድ ሊጎበኝ። ሃያ ደቂቃ ተሰለፍን። "ትንሽ አገር፣ ትልቅ አስተዋጽኦ" ብሎን ሄደ። ከእኛ በፊት ለጎበኛቸውም እንደዚያው ብሏቸዋል አሉ።

ስለ ሐሙሱ ስመጣ እንነጋገራለን። ይህ በወረቀት የሚሆን ነገር አይደለም። የሚመለሱት ሰዎች ዝርዝርም እስካሁን አልወጣም።

ደክሞኛልና እዚህ ላይ ላብቃ። አትቀየሚኝ።

ባለቤትሽ


ታኅሣሥ 2

ዝርዝሩ ወጥቷል።

አንተ ዘንድ አልወጣ ይሆናል፣ እኔ ዘንድ ግን ወጥቷል፤ ምክንያቱም የምሰፋው እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ የትእዛዝ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ለአዲሶቹ መቶ ዘጠኝ የስም ጥብጣብ። ለሁለተኛ ዙር ለሚቆዩት ደግሞ ግራ እጅጌ ላይ የሚሰፋ ሰማያዊ ጥብጣብ፣ ለሦስት ሰው። ሦስተኛው አንተ ነህ። ከስምህ ጎን ምክንያት የሚል ረድፍ አለ። የሁለቱ "በአለቃ ትእዛዝ" ይላል። ያንተ "በራሱ ጥያቄ"። ጥያቄው የቀረበበት ቀንም አለ፤ መስከረም ሃያ ሁለት።

ጥቅምት ላይ "ገና አልነገሩንም" አልከኝ። ኅዳር ላይ "አልወጣም" አልከኝ። እኔም ሞኟ ለልጅህ የቀረውን ቀን በኖራ ግድግዳ ላይ እያሰመርኩላት ነበር። በየቀኑ አንድ ታጠፋለች።

ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ። እውነቴን ነው፣ እሱን እመርጣለሁ። ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ አለቅሳለሁ፣ እሰድብሃለሁ፣ ልብስህን ሰብስቤ ለወንድሜ እሰጠዋለሁ፣ ያልቃል። ይህንን ግን ምን እንደምለው አላውቅም። አሥራ ሁለት ወር አልበቃህም? ቤትህ ምን አደረገህ? እኔስ ምን አደረግሁህ?

ኃላፊዋን ጠየቅኳት። ያመለከተው ሰው ራሱ ከፈለገ እስከ ጥር ሃያ ድረስ ጥያቄውን ማንሳት ይችላል ብላኛለች። ሚስት አትችልም። ጠይቄ ነው።

እትዬ ቁልፍ የትእዛዙን ወረቀት አይተውታል፤ ምን እንዳሉ ታውቃለህ? "የእኔን ልጅ ሥራ ሊጨርስለት ነው የቀረው፤ ደግ ሰው ነው" አሉ። ምን ልመልስላቸው?

የምትመልስልኝ እውነቱን ከሆነ ጻፍ። ካልሆነ ብዕርህን አታድክም።


ታኅሣሥ 14

ባለቤቴ፣

ሌላ ሴት የለችም። ብትኖር ይሻልሽ ነበር ማለት ነው እንግዲህ።

እውነቱን ጠይቀሻል። ሐሙስ የእኔ ተራ ነበር። ተራው አልተቀየረም።

በዚያ ሳምንት ሁለት ሾፌር በወባ ተኝቷል፣ አንድ ቦቴ ፍሬኑ ተበላሽቷል። ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ነድቻለሁ። ጀግና ለመምሰል አይደለም፣ ሰው ስላልነበረ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ሰው ብዙ ይመስላል፤ ሁለት ሲታመምበት ግን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይታያል። ሐሙስ ጠዋት ከነጫማዬ አልጋ ላይ ተቀመጥኩና እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እሺ ባይ እየተላጨ ነበር። "ወንድሜ፣ ዛሬ ተራዬን ያዝልኝ" አልኩት። እረፍቱ ነበር። ምን እንዳለኝ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት እችለው ነበር። የከፋውን ልንገርሽ።

ያ ድልድይ ዝናብ ሲዘንብ ሙሉ ቦቴ አይችልም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እኔ። ከድልድዩ በፊት ካለው ኩርባ ላይ እቆምና ሲሶውን ውሃ መሬት ላይ አፈስሰው ነበር። ከዚያ እወርድና እንጨቱን ረግጬ አይቼ እሻገራለሁ። ትእዛዙ ሙሉ ቦቴ አድርሱ ነው፣ እኔም ሙሉ አደረስኩ ብዬ እፈርማለሁ። ለአሥራ አንድ ሺህ የተጠማ ሰው የሚሄድ ውሃ መንገድ ላይ አፈስሳለሁ ብዬ ለማን ልናገር? ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱም አልተናገርኩም። ኋላ እነግረዋለሁ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ ቁልፉን ሰጥቼው ጋደም አልኩ፤ በሩን ሲዘጋ እንኳ አልሰማሁም። ዝናቡ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። "ሲሶውን አፍስስ" ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደክሞኝ ነበር።

ስቀር ምን አሰብኩ? ሐሙስን እኔ እነዳለሁ፤ አሁን የምንሄደው በሩቁ መንገድ ነው፣ ሁሉንም ሐሙስ ወስጃለሁ። ግን እሱ ሰበብ ነው። አገራችን ትንሽ ናት። ከአየር ማረፊያው ወደ ቤታችን ስመጣ በእናቱ በር ነው የማልፈው። ሌላ መንገድ ብፈልግ የለም፤ አስቤበታለሁ። ይዤው እመጣለሁ ብያቸው ባዶ እጄን በዚያ በር እንዴት ልለፍ? እሳቸው ደግሞ ደግ ሰው ነው ይሉኛል።

ይኸው ነው። አንቺን አልሸሸሁም። ልጄን ስሚልኝ።


ታኅሣሥ 24

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ልፈርድብህ አልችልም፣ ምሬሃለሁ ማለትም አልችልም፤ የበደልከው እኔን አይደለም። እኔን የበደልከኝ በመዋሸትህ ነው፣ እሱን ስትመጣ እንጣላበታለን። ግን ና። ጥያቄህን አንሳና ና። ለእትዬ ቁልፍ ምንም አልነገርኳቸውም። ይህንን እኔ ልሸከመው አልችልም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ስምንት ሰዓት ሙሉ ጀርባዬ እየተቃጠለ ነው የምሰፋው።

ሰማያዊውን ጥብጣብ በሚላክልህ አዲስ ሸሚዝ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ሥራዬ ነው፣ ምን ላድርግ።


ጥር 3

ለባለቤቴ፣

ይህንን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤህን ቤት መተው ፈርቼ ነበር፤ ልጅህ ማንበብ ጀምራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ስለዚህ ይዤው እውላለሁ። ረቡዕ ዕለት ልብሶቹ ከመታሸጋቸው በፊት እንደገና ላነበው አውጥቼው ሳለ ኃላፊዋ ወደ እኔ መጣች። ደንግጬ በእጄ የነበረው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ያንተ ሸሚዝ ነበር። ከዚያ ሌላ ሥራ ሰጠችኝ፣ ሸሚዙ ከሌሎቹ ጋር ተነሣ። ረሳሁት።

ረሳሁት ስልህ ግማሹ ውሸት ነው። ያን ሸሚዝ ቀጥሎ ማን እንደሚነካው እኔ አላውቅም? እዚያ ቤት ከኪስ ፍተሻ ያመለጠ ነገር አይቼ አላውቅም። ምናልባት እጄ ከእኔ ቀድሞ ደክሞት ነበር።

ኪሱን ገለበጡት። ቁራጭ ወረቀት መስሏቸው ሊጥሉት ነበር፤ ከዚያ እሺ ባይ የሚለውን አዩ። ቆመው አነበቡት። አሥራ ሰባት መኪና ይጮሃል፣ የእሳቸው ብቻ ቆመ። ሲጨርሱ አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ሸሚዞች አንድ በአንድ ኪሳቸውን ፈትሸው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ዛሬ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ ሸሚዝህን አምጥተው ፊቴ ዘረጉት። ሰማያዊው ጥብጣብ ተተርትሯል። ጨርቁ ሳይጎዳ፣ ክሩ አንድ በአንድ ተነቅሎ። እንዲህ አሉኝ፣ እንዳሉት ነው የምጽፍልህ፦

"ለባልሽ ጻፊለት። ይቅር ብላሃለች እንዳትይው፣ አላልኩም። ወደፊትም እላለሁ ብዬ አልዋሽም። ደክሞት ነበር አይደል? ይድከመው። እኔስ? እኔ አልደከመኝም? ግን ልጄን መጨረሻ ያየው ሰው እሱ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። እዚያ ተደብቆ የልጄን የመጨረሻ ቀን ይዞብኝ ሊያረጅ ነው? የእኔ ነው፣ ያምጣልኝ። በበሬ ማለፍ ከፈራ አይለፍ፤ ይግባ። ፊቴ ተቀምጦ ይንገረኝ። ምን ለብሶ ነበር? ስቆ ነበር? ቁርስ በልቶ ነበር ወይስ ባዶ ሆዱን ነው የሄደው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቸኩል ሳይበላ ነው የሚወጣው። ይህንን ሳላውቅ መተኛት አልቻልኩም፤ ይህንን ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም።"

ከዚያ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ቁልፍ መትከል ጀመሩ።

ጥብጣቡን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ኃላፊዋ የት ሄደ ብትለኝ በስህተት ተሰፍቶ ነበር እላታለሁ። ግን ጥብጣብ መተርተር ጥያቄህን አያነሳውም። እሱን የምታነሣው አንተ ብቻ ነህ። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶሃል።

ሚስትህ


ጥር 13

ለባለቤቴ፣

ዛሬ ጠዋት ጥያቄዬን አነሣሁ። ጸሐፊው "ሰው ለመሄድ ነው እንጂ ለመቅረት ሲያመለክት አይቼ አላውቅም፣ አሁን ደግሞ ይቅርብኝ ይላል" ብሎ ሦስት ቅጂ አስፈረመኝ። ሻምበሉ ዘንድ ገብቼም የድልድዩን ነገር ተናገርኩ፤ የማፈስሰውን ውሃ፣ የፈረምኩትን ውሸት፣ ለእሺ ባይ አለመንገሬን። ከዚያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም አለኝ። ጽፎታል፤ ምን እንደሚያመጣብኝ ስደርስ አየዋለሁ። አሁን ስምሪት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ የእንጨት ድልድይ ሁሉ በጎዶሎ ቦቴ እንዲታለፍ ተጽፏል። ሁለት መስመር ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከመንዳቴ በፊት ቆሜ አነበብኩት።

ጥር 27 እንነሣለን። ከአየር ማረፊያው ብቻዬን ልምጣ፤ አንቺና ልጄ ቤት ጠብቁኝ። የቀረውን ቀን ግድግዳው ላይ እንደገና አስምሪላት። መጀመሪያ እሳቸው ቤት ነው የምገባው። ልብሴን ሳልቀይር፣ አንቺንም ሳላይ። ቤታችን ቀድሜ ከገባሁ አልወጣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

የጠየቁትን ሁሉ ከራሴ ጋር እየደጋገምኩ አጠናለሁ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር፣ እሳቸው የሠሩለትን፣ ክርኑ ላይ የተጠገነውን። ስቆ ነበር፤ እየተላጨ ሳለ እኔን በመስታወት አይቶ "ሬሳ ትመስላለህ" ብሎኝ ሳቀ። ይህንን እንዴት አፌን ሞልቼ እንደምነግራቸው አላውቅም፣ ግን ጠይቀዋል፣ የእሳቸው ነው።

ቁርሱን ለአንቺ ልንገርሽ፤ አደራ ከእኔ በፊት እንዳትነግሪያቸው። ባዶ ሆዱን አልሄደም። የቆርቆሮ ዓሣ ያለበት ዳቦ ነበረው። ለሁለት ቆርጦ፣ ቁልፉን ስሰጠው ግማሹን እየበላ ነበር። ሌላውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልሎ ከአልጋዬ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦልኝ ነበር፣ ስነሣ እንዳገኘው። ቀትር ላይ ነቃሁና አገኘሁት። እየበላሁ ሳለ ነው ሊጠሩኝ የመጡት። እንቅልፍ ጠግቤ ነበር፣ ርቦኝም ነበር፣ በጣም ጣፍጦኝ ነበር።

ባለቤትሽ